በሸማኔው ጉድጓድ ዳር ያስተማርኩት ዓሣ ማጥመድ

እውነቱን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ በዕድሜዬ በረዶ ላይ ተቀምጬ አንድም ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። አንድም! ይሁን እንጂ በረዶ ላይ ዓሣ እንዴት እንደሚጠመድ አንድ ሰው አስተምሬአለሁ፤ ያውም ጉለሌ ውስጥ፣ ሽሮ ሜዳ፣ በጠራራ ፀሐይ። ትምህርቱ ምን እንዳስከፈለው የምጽፈው ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለራሴ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ከራሴ ጋር መከራከር ሰልችቶኛል።

ነገሩ የጀመረው ከካፖርቴ ነው። ሶቪየት ኅብረት ሁለት ዓመት የቴክኒክ ትምህርት ተምሬ ስመለስ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። በሰፈራችን ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ዊንጌት አካባቢ ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። ከአውቶቡስ ወርጄ ያቺን እስከ ጉልበቴ የምትደርስ ጥቁር ካፖርት ደርቤ፣ ላቤ በጀርባዬ እየተንቆረቆረ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ቀስ እያልኩ እራመዳለሁ። አይ እኔ! የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ሳይቀር «ጓድ፣ እስቲ የዚያን አገር ነገር አጫውተን» ይለኛል። እኔም አጫውታለሁ። እውነቱ ሲያልቅብኝ ከራሴ እጨምራለሁ።

እውነቱማ ምን ነበር? ሁለቱንም ዓመት የብርዱን ወራት መኝታ ክፍላችን ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር ተጎልቼ ወንዙን ሳይ ነው የከረምኩት። ወንዙ በብርዱ ጠጥሮ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ሽማግሌዎች በጠዋት ይመጡና በመሰርሰሪያ ይበሱታል፣ ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ፣ በቀዳዳው ክር ይሰዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ዓሣቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን እንኳን ወርጄ አጠገባቸው አልቆምኩም። ብርዱን እፈራዋለሁ፣ በቋንቋዬም አፍር ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሽሮ ሜዳ የሄድኩት ለእናቴ ጋቢ ላሠራ ነው። ሸማኔው ከጋሞ ደጋ በወጣትነታቸው የመጡ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ሲስቁ ትከሻቸው አብሮ የሚስቅ ሰው ናቸው። አባባ ነበር የምላቸው። እንደማንኛውም ሸማኔ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ እግራቸውን ከትተው፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ይሸምናሉ። ከአጠገባቸው ባለው ሌላ ጉድጓድ ደግሞ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ይሠራል። የጥበቡ ሥራ የእሱ ነበር። ጥበብ የሚወጣው ድሩን በጣት ጫፍ አንድ በአንድ እየለቀሙ ነው፤ የአባባ ዓይን እየደከመ ስለሄደ ከዚያ ቤት የሚወጣው ቀሚስና ነጠላ ሁሉ ጥበቡ የልጁ ጣት ነው። ቤቱ የሚተዳደረውም በዚያ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ጣቶቹ ክሩ ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ ዓይን አይከተላቸውም።

እዚያው ተቀምጬ ጉራዬን ነዛሁ። ስለ በረዶው ወንዝ አወራሁ።

«ውሃ ላይ ቁጭ ብላችሁ?» አሉ አባባ መወርወሪያቸውን አቁመው።

«ቁጭ ብለን!» አልኩ። ብለን! ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው።

«እኛ የምናውቀው ጌታ በውሃ ላይ መራመዱን ነው። እናንተ ጭራሽ ተቀመጣችሁበት?» ብለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ልጁ አልሳቀም። ሥራውን ትቶ አፌን ያይ ነበር። የሚሰማኝ ሰው ሳገኝ ደግሞ አያድርስ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ልጃቸው ያዩኝ እንደነበር፣ አብሬያቸው እያጠመድኩ ናፍቆቴን እንደረሳሁ ተረክሁለት። እኔ ናፍቆቴን የረሳሁት አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ሲያርፍ ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ልጁ እዚያው አገር የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና እንዲማር ነጻ የትምህርት ዕድል ደረሰው። ወሬውን ሊነግረኝ ከሽሮ ሜዳ ዊንጌት ድረስ በእግሩ ነው የመጣው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለኝ፤ «በረዶ ላይ ማጥመዱን ያስተምሩኝ። ሰው አጥቼ እንዳልቀር ነው። ቋንቋው እስኪገባኝ ድረስ ከሽማግሌዎቹ ጋር እየተቀመጥኩ እለምዳለሁ።»

እዚህች ላይ «ኧረ ተወኝ ወንድሜ፣ የቀደድኩት ነው» ብል ኖሮ ሁለታችንም ስቀን ይቀር ነበር። አሁንም ድረስ የምቆጨው በዚያች ቅጽበት ነው። ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ አቧራ የጠጣ ጫማውን እያየ፣ ይለምነኛል። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «ችግር የለም፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ» አልኩት።

የመጀመሪያው እሑድ ብዙም አልዋሸሁም። በመስኮት ያየሁትን ነው የነገርኩት። በረዶው ይሸከም አይሸከም ስለማታውቅ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ የት እንደተቀመጡ እይ፤ እነሱ ባልረገጡት አትርገጥ። ቀዳዳው ከሳህን አይስፋ። ሳጥን ላይ ተቀመጥ፣ በረዶው ላይ አትቀመጥ። ክሩን እስከ ታች ልቀቅ፣ ከዚያ ስንዝር ከፍ፣ ስንዝር ዝቅ እያደረግህ ጠብቅ። ልጁ ደብተር ይዞ ይጽፍ ነበር። እየጻፈ ሳየው «ይህን እንኳ አትጻፈው» ልለው ቃጣኝ። ግን ደግሞ አስተማሪ መባል ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ሁለተኛው እሑድ ነው ጉዱ። አባባ ትምህርቱን ከእኛ በላይ ወደዱት። «በወሬ ሰው አይለምድም» ብለው ከጉድጓዳቸው ላይ ሸማውን አንሥተው፣ የበርሜል ክዳን አምጥተው ከደኑበትና መሃሉን በሚስማር በሱት። ይኸው ወንዝ ሆነ። ክሩንም ራሳቸው አዘጋጁት፦ ፈትሉን ሦስት ድርብ አከረሩና ከእንጦጦ ማርያም ያመጡትን ጧፍ ሰሙን እያሹ ቀቡት። ውሃ እንዳያበላሸው ነው። ስፒል ቆልምመን መንጠቆ አደረግን። ከዚያ አባባ፣ በዚያ ሽበታቸው፣ ክዳኑን ገለጥ አድርገው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡና ተኮራምተው ተቀመጡ።

«ምን ሊያደርጉ ነው አባባ?» ብላቸው፣

«ዓሣ ነኛ!» አሉኝ ከሥር።

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ልጁ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ክሩን ይሰዳል፤ አባባ ከሥር ሳብ ያደርጉታል፤ ልጁ ያወጣል። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዛሬ ይህን ሳስታውስ መሳቅ አልችልም።

ልጁ ድንገት ቆም አለና «ጋሼ፣ ጓንት ያደርጋሉ ወይስ በባዶ እጅ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አላውቅም ነበር። ከአራተኛ ፎቅ የሰው እጅ በደንብ አይታይም። «አላውቅም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ እግዜር ያውቃል። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከዚያው ያመጣሁት የሱፍ ጓንት ነበር፤ አውጥቼ ሰጠሁትና «እስቲ በሁለቱም ሞክረው» አልኩት። መምህር መስዬ።

ጓንቱን አድርጎ ያዘ። አባባ ከሥር ሳብ አደረጉ። «አሁን ጎተትኩ!» ሲሉ ልጁ «አልተሰማኝም» አለ። ደገሙት፤ አሁንም አልተሰማውም። ጓንቱን አወለቀ። ሸማኔ የክር ጥንካሬ እንደሚለካው አድርጎ ክሩን በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመው፣ ዓይኑን ጨፈነ። አባባ ገና በጥፍራቸው ነካ ሲያደርጉት «መጣ!» ብሎ ጮኸ።

«አያችሁ!» አሉ አባባ ከጉድጓዱ ብቅ ብለው፣ ራሳቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ሞልቶ፤ «ፈትል በባዶ ጣት ካልሆነ አይታወቅም። ይህማ የእኛው ሙያ ነው።»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። የእኔን ቃል ነው የሚጠብቁት።

እዚህ ላይ ልክ እንደ ፎቶግራፍ የማስታውሰው አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ብርድ ወር የመኝታ ቤታችንን የብረት በር በባዶ እጄ ይዤ መዳፌ ተጣብቆበት፣ ስመነጭቀው ቆዳዬ እዚያው ቀርቷል። ይህ እንግዲህ ያየሁት ሳይሆን የደረሰብኝ ነው። እዚያ ሳጥን አጠገብ ቆሜ ትዝ አለኝ። ጥርት ብሎ ትዝ አለኝ! ግን ትምህርቱ አምሮ ነበር፤ አባባ ደስ ብሏቸው ነበር፤ «በባዶ እጅ ከሆነ ጣት ይበላል» ብል «ታዲያ እርስዎ እንዴት ያጠምዱ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

«በባዶ እጅ ነው» አልኩ። «ጣትህ የአባትህ ነው፤ ከእነሱ ሁሉ ትበልጣለህ።»

ደብተሩ ላይ ጻፈው።

በመስከረም ሄደ። ካፖርቴን ሰጠሁት፤ ጓንቱንም ከኪሱ አላወጣሁትም፤ እንዲያው ለሕሊናዬ ብዬ ይሆናል። አባባ ያንን ክር በወረቀት ጠቅልለው ሻንጣው ውስጥ ከተቱለት። የመጀመሪያ ደብዳቤው ሲመጣ ጎረቤት ያለች ተማሪ አነበበችላቸው፤ ደህና ነኝ፣ ወንዙ ገና አልጠጠረም የሚል ነበር። ሁለተኛው የመጣው ከገና በኋላ ነው። አባባ ፖስታውን ይዘው እኔ ቤት መጡ። ተማሪዋን እንኳን አልጠበቋት፤ ማንበብ ባይችሉም የልጃቸውን እጅ ጽሑፍ መልክ ያውቁታል፤ ይህኛው ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን የሞነጫጨረው ይመስላል።

«አንብብልኝ ልጄ። የእሱ እጅ አይደለም።»

የእሱ እጅ ነበር፤ ግራው። ቆሜ ጀመርኩ፣ መሃል ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ወንዙ ላይ ወጥቶ ሲያጠምድ ሰሙ በብርዱ ተሰነጣጥቆ ክሩ ውሃ እንደጠጣ፣ ጣቶቹ ላይ ጠንክሮ እንደያዛቸው፣ ምንም ሕመም ስላልተሰማው ዓሣው እስኪመጣ ብሎ ብዙ እንደቆየ ይናገራል። ሆስፒታል ሲወስዱት ሁለቱ ጣቶች ጠቁረው ነበር። ከሁለተኛው አንጓ ላይ ተቆረጡ። ሌባ ጣቱና መሃል ጣቱ፣ የቀኝ እጁ። ጥበብ የሚለቅምባቸው።

ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ሰዎቹ ጓንትህን አድርግ ብለው ደጋግመው ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ያስተማሩኝ ሰው እዚሁ ከእናንተ ጋር የኖሩ ናቸው፣ የማያውቁትን አይነግሩኝም አልኳቸው። ይህን ለጋሼ እንዳትነግሯቸው፣ ይጸጸታሉ።»

ልጁ የምታነብላቸው ተማሪዋ መስላው ነው። ይህችን ዘለልኳት። ድምፄ እንኳን ሳይሰበር ከላይኛው መስመር ወደ «ትምህርቴን ግን እቀጥላለሁ» ተሻገርኩ።

አባባ ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው አጣጠፉት። ከዚያ መዳፋቸውን እያዩ «ክሩ ነው» አሉ። «የእኔ ክር ነው። ሦስት ድርብ ባላጠነክረው፣ በሰም ባልቀባው ኖሮ ይበጠስ ነበር። በባዶ ጣት ያልኩትም እኔ ነኝ። በእጄ አክርሬ፣ በእጄ ጠቅልዬ ሰጠሁት።»

«የእግዜር ነገር ነው አባባ፣ ምን ያድርጉ» አልኳቸው። ይህን ብዬ አጽናናኋቸው! እንደዚያ ቀን ራሴን የተጸየፍኩበት ቀን የለም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሽሮ ሜዳ መሄድ ቀነስኩ። ስሄድም አባባ ሥራ ፈተው አገኛቸዋለሁ፤ ክሩን ይዘው ይቀሩና ጣታቸው መሃል እያሹ ያዩታል። ሳቃቸው ጠፋ። ጥበብ የሚያወጣ ሰው ስለሌለ ተራ ጋቢና ኩታ ብቻ ይሠሩ ጀመር። ጎረቤቶቻቸው «ልጄን በክር አሠርኩት» እያሉ ብቻቸውን እንደሚያወሩ ነገሩኝ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ያ ሸክም ከላያቸው ወርዶ እኔ ላይ ይጫናል። አውቀው ነበር። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

በዚያ መሃል የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌያችን ገብቶ አዋቂ ሁሉ ፊደል ይማር ነበር። አባባም ከሰዓት በኋላ ከሥራቸው እየተነሡ ተማሩ። አንድ ቀን ሰው ላኩብኝ፤ «የምስክር ወረቀቴን ተቀበልኩ፣ ና ማንበቤን ስማልኝ» የሚል። ደስ አለኝ። ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ያገኘሁትን አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ጉድጓዳቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ተቀመጥ» አሉኝና ከደረት ኪሳቸው የሚያነቡትን አወጡ። የታጠፈ፣ በአራቱ በኩል የተበላ ወረቀት። ገና ሳየው አወቅሁት፤ በግራ እጅ የተጻፈው ደብዳቤ ነው።

በሌባ ጣታቸው እያንዳንዱን ፊደል እየረገጡ አነበቡ። «ጓ… ን… ት… ህን… አድ… ርግ…» እስከ መጨረሻው፣ «ይጸ… ጸ… ታሉ» እስከሚለው ድረስ። ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ይህን አንብበህልኝ ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

«ዘለልከው።»

«ዘለልኩት፣ አባባ።»

ከጀመርኩ ይውጣ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አጥምጄ እንደማላውቅ፣ ከመስኮት እንዳየሁት፣ የብረቱ በር መዳፌን እንደላጠውና ያን ቀን ትዝ እያለኝ ዝም እንዳልኩ። ክሩ ሳይሆን እኔ ነኝ አልኩ። አለቀስኩም። አባባ አላባበሉኝም፤ ደግ አደረጉ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔ ክር ነው ስል እየሰማህ?» አሉኝ። «በእያንዳንዱ ቀን መወርወሪያ በወረወርኩ ቁጥር የልጄን ጣት የምቆርጥ ይመስለኝ ነበር። አንተ እዚህ እየተቀመጥክ፣ ዓይኔን እያየህ! እንዴት አስቻለህ?»

ተነሥቼ «ለእሱም እጽፍለታለሁ፣ እውነቱን አሳውቀዋለሁ» አልኩ። ይህን ስል ትንሽ ቀለለኝ።

«አትጽፍለትም!» አሉ። እንዲህ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «አንተ እንዲቀልልህ ነው። እሱ አስተማሪዬ ያሉኝን አደረግሁ፣ ብርዱ ቀደመኝ ብሎ ነው የሚኖረው። በውሸት ነው ጣትህን ያጣኸው ብለህ ብትነግረው ምን ይዞ ይኑር? ለእኔ የነገርከኝ ይበቃል። የቀረውን ተሸከመው።»

ተሸከምኩት።

ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ አባባ ድግስ ደገሱ። ቀርቼ ነበር፤ ራሱ መጥቶ ጎትቶ ወሰደኝ። እጄን ሲጨብጠኝ መዳፌ ውስጥ የነበሩት ሦስት ጣቶች ናቸው። ከአባቱ አጠገብ አስቀመጠኝና ለእንግዶቹ ሁሉ በረዶ ላይ ማጥመድን ያስተማርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያን አገር ያስለመድኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገረ። ሰዎቹ ገርሟቸው የሆነውን ይጠይቁት ጀመር። በባዶ እጅ መሆኑን ሲሰሙ አንድ ጎረቤት የያዙትን ብርጭቆ አስቀምጠው እጄን አተኩረው አዩ።

«ታዲያ የእርስዎ ጣት እንዴት ተረፈ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ ብቻ ልጁ ቀደመኝ።

«እሳቸውማ ያውቁበታል» አለ እየሳቀ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ በሦስት ጣቱ ወደ አፌ እያመጣ፤ «እኔ ነኝ በደንብ ያልተማርኩት።»

አባባ ከአጠገቤ ያዩኝ ነበር። ጎረስኩ።